የአሲዶች ስም፣ ዘጠነኛ «ሐ»

ስልሳ ሦስት ወረቀት፣ አንድ ቀይ እስክሪብቶ፤
የአዳማ ነፋስ አቧራውን አዝሎ በመስኮቴ ገብቶ
ገጹን ይገልጥብኛል ሳልጨርስ አርሜ፤
በክርኔ እጫናለሁ፣ አነባለሁ ደግሜ።

ሰኞ ዕለት ያስተማርኩት ይኸው ነበር፣ በዜማ፣
ከኋላ ወንበር ድረስ እንዲሰማ፦

«ኦክስጅን ከሌለው፣ ከፊቱ ‹ሃይድሮ› በል፣
ከኋላው ‹ኢክ› ቀጥል።
‹ኤት› ብሎ ከጨረሰ ‹ኢክ› ይሁን ጅራቱ፣
‹አይት› ብሎ ከመጣ፣ ‹ኧስ› ነው ውርስ ሀብቱ።»

ቆርቆሮው እስኪነዝር ተቀበሉኝ ጮኸው፤
እኔም ገባቸው አልኩ። ማን ይጠይቃል የጮኸን ሰው?

ወረቀት አርባ አንድ። «ኦብሳ ቱፋ» ይላል፤
ፊደሉ፣ ከጅቡቲ እንደመጣ ተሳቢ፣ ወደ ግራ ያጋድላል።

አንደኛ ጥያቄ፦ ሁለት ሃይድሮጅን፣
ሰልፈር፣ አራት ኦክስጅን።
መልስ፦ «የባትሪ ውሃ። ፍራንኮ፣ ጋሽ ውብሸት ጋ ይሸጣል።
ሲነካህ ዝም ይላል፤ ማታ ሱሪህ ላይ ቀዳዳ ያወጣል።»

ሁለተኛው፦ ሃይድሮጅን፣ ክሎሪን፣ ኦክስጅን፣ አንድ አንድ።
መልስ፦ «በረኪና። እናቴ የሆቴል አንሶላ ታጥባለች፣
ጣቷ እየተላጠ። ሽታው እንዳይከተላት ሎሚ ትቀባለች።
ሎሚስ ስሙ ማነው? አልተማርንም፣ መምህር።»

ሦስተኛው፦ ሃይድሮጅንና ክሎሪን፣ ሌላ የለም።
«ቁርስ ሳልበላ ስመጣ፣ ሆዴ ውስጥ የሚሞረሙር።»

አራትና አምስት ላይ፣ ናይትሮጅን ያለባቸው ሁለቱ ጋ፣
«እነዚህ ወደ እኛ ሰፈር አልመጡም።
ያላዩትን ቢሰይሙ፣ ቅጽል ይሆናል እንጂ ስም አይሆንም።»

ከስድስት እስከ አስር ባዶ ነው።
ጥግ ላይ ብቻ የባጃጅ ስዕል።

መጀመሪያ ሳቅኩ። ብቻዬን፣ ጮክ ብዬ፤
ከዚያ አልሄድ አለኝ ቀዩ እስክሪብቶዬ።
ውጪ፣ ኮረብታው ላይ፣ የነፋስ መዘውሮቹ ቀይ መብራት ይጠቅሳል፤
ብልጭ ሲል «እረመው»፣ ጥፍት ሲል «ተወው» የሚል ይመስላል።

የማረሚያው ቅጽ አንድ አንድ ቃል ብቻ ነው የሚያውቀው፦
ሰልፈሪክ። ሃይፖክሎረስ። ሃይድሮክሎሪክ።
በረኪና ደግሞ ዘመዱ ነው እንጂ እሱ ራሱ አይደል፤
ልጻፍለት ብል ህዳጉ ጠበበኝ፤ ብተወው፣ መበደል።

እኔስ ብሆን? ሚኒስትሪ ካርዴ ላይ ተስፋልደት ነኝ፤
ቤት ስገባ ግን፣ እስከ ዛሬ፣ «ድንቡሼ» ነው የሚሉኝ።
በሁለቱም ስጠራ አቤት እላለሁ።
አሲድም የቤት ስም እንዳለው አላወቅኩም፤
አስራ ሁለት ዓመት እያስተማርኩ፣ ማንንም አልጠየቅኩም።

ሁለት ብዬ ጻፍኩ። ሰረዝኩ። ሦስት አልኩ።
ሦስት ከአስር። ዓርብ ዕለት ወረቀቱን መለስኩ።
አጥፎ ኪሱ ከተተ፤ ቀና ብሎም አላየኝ።

ቅዳሜ የባጃጄ ባትሪ ሞተ።
ደመወዙ ለአስር ቀን፣ ባጃጁ ለሃያው፤ ወር እንዲህ ነው የሚሞላኝ።

ገፍቼ ፍራንኮ ደረስኩ። ጋሽ ውብሸት ምሳ ወጥቷል፤
ኦብሳ፣ አንድ እጁ ላይ ብቻ ጓንት፣ ጄሪካኑ ላይ አጎንብሷል።

ውሃውን አስቀደመ።
ከዚያ አሲዱን፣ እንደ ክር ቀጭን፣
ትንፋሹን ይዞ፣ እያባበለ፣ እንደ ህፃን።

ውሃ በአሲድ ላይ አይፈስም፤ አሲዱ ነው ወደ ውሃ የሚወርደው።
ይህ የሚቀጥለው ምዕራፍ ነው። ገና አልደረስንበትም።

«ማን አስተማረህ?» አልኩት።
እጅጌውን ሰበሰበ፤ ሳንቲም የሚያህል፣ የነጣ ጠባሳ።
«እሱ ራሱ» አለኝ፣ ወደ ጄሪካኑ አገጩን እያነሳ።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የቀበሌ መታወቂያ እንደሚያነብ፣
«ሰልፈሪክ አሲድ» አለ።
ሙሉ ስሙን፣ ከነአባቱ።

ከሰዓት ስመለስ ባትሪው ሞልቷል። ባጃጁ አስነጠሰና ተነሳ።
«ስንት ነው?» አልኩት፣ ቦርሳዬን ከፍቼ።

«ከስንት?» አለኝ።